የሐምሌ ኮከብ

ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ነፋስ የጣለው ባሕር ዛፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ በጠሰና ለቡ መብራት ኃይል ባንድ አፍታ ጨለመ። ስሙ መብራት የሆነ ሰፈር ሲጨልም ቀልደኛ አይጠፋውም፤ ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ከየደጁ ጮኹ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ምሽት ከተመኘሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ሳልመልስ የቀረሁትን የርቀት መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ልብስ ማስጫው ሰገነት ወጣሁ።

በስተደቡብ የፉሪ ተራራ እንደ ተኛ በሬ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በስተሰሜን የከተማው ብርሃን ሰማዩን ከታች አጥቅሶታል። ከራሴ በላይ ያለው ግን ጥርት ያለ ነበር፤ ኦሪዮን ቀበቶውን ታጥቆ ቆሟል፤ ሰባቱ ከዋክብት እንደ ተበተነ ጥሬ ተሰብስበዋል። በሁለቱ መካከል ከፍ ብሎ የፈለግሁት ቦታ አለ። መነጽሩን አስተካክዬ እጄን በግንቡ ላይ ደግፌ ብዙ ጊዜ ፈለግሁ።

ከኋላዬ የባትሪ ብርሃን መጣ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቴ መሪጌታ ናቸው (ስማቸውን እንዳልጠቅስ አደራ ብለውኛል)። ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ አጠገቤ ቆሙና ባትሪውን አጠፉ።

«ምን ጠፍቶብህ ነው ልጄ?»

«የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ እየፈለግሁ ነው መሪጌታ።»

«ኮከብም ይፈርሳል?»

«ይፈርሳል። ያውና፤ እዚያ የበሬ ቀንድ የሚመስሉ ሁለት ኮከቦች አሉ፤ ከታችኛው ቀንድ ጫፍ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ነው።»

«ሠውር አትለኝም!» አሉ። ለእኔ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት የመጣው በሬ ለእሳቸው የዐውደ ነገሥት ዘመድ ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያሉ ዐሥራ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ወረዱልኝ። እነዚህ ስሞች ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተሻገሩ ናቸው፤ ይህ መሻገር በኋላ ለምናወራው ነገር ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አየሁ። አየሁ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ። በመስታወት ላይ እፍ ያሉበት ትንፋሽ የምታህል፣ ትክ ብለው ሲያዩዋት የምትጠፋ፣ ዐይንን ወደ ጎን ሲያደርጉላት የምትመለስ ጭጋግ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት «ሸርጣን ኔቡላ» ይሏታል። ስሟ ከሸርጣን ኮከብ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ሎርድ ሮስ የተባሉ አየርላንዳዊ መኰንን በቴሌስኮፓቸው አይተው የሳሉት ሥዕል እግሩን የዘረጋ ሸርጣን ስለመሰለ ብቻ ነው። ከእርሳቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1731 እንግሊዛዊው ጆን ቤቪስ፣ በ1758 ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲየ አይተዋታል። ሜሲየ የሚፈልገው ጅራታም ኮከብ ነበርና ሌሎች ጅራታም እየመሰላቸው እንዳይሳሳቱ ብሎ የማያስፈልጉ ጭጋጎችን መዘገበ፤ በዝርዝሩ ላይ ቁጥር አንድ ይህችው ናት። ሰውየው ዛሬ የሚታወሰው ባገኛቸው ጅራታም ኮከቦች ሳይሆን «አታታሉኝ» ብሎ በመዘገባቸው ነገሮች መሆኑ ያስቀኛል።

መነጽሩን ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። «ምንም አይታየኝም፤ ግን አንተ ካልህ» ብለው መለሱልኝና «መቼ ነው የፈረሰው?» አሉ።

«በሐምሌ ዐሥር፤ በ1046 ዓመተ ምሕረት።»

ከዚህ በኋላ ያወራነው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ከፀሐይ ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ክብደት ያለው ኮከብ ዕድሜውን ሁሉ የሚኖረው በእቶኑ ነው። ሃይድሮጂንን ወደ ሂሊየም፣ ሂሊየምን ወደ ካርቦን እያነጠረ ይወርድና ብረት ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ብረትን ማንደድ ትርፍ የለውም። ያን ጊዜ ሸክሙን የሚደግፍ ሙቀት ያጣው እምብርት በሰከንድ ውስጥ ወደ ራሱ ይደረመሳል፤ ውጫዊው አካል ደግሞ ወደ ሰማይ ይበተናል። ሱፐርኖቫ የሚባለው ይህ ነው። በደማችን ውስጥ ያለው ብረት እንዲህ ካሉ ፍንዳታዎች የተበተነ ነው። የሸርጣን ኔቡላ ትቢያ ዛሬም በሰከንድ 1,500 ኪሎ ሜትር ግድም እየተስፋፋ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ብርሃን እንኳ ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በመካከሉ የቀረው እምብርት ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቆምንበት ከለቡ እስከ እንጦጦ ራስ መሆኑ ነው። በዚህች ስፋት ውስጥ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት ታጭቋል፤ እርሱም በሰከንድ 30 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በዞረ ቁጥር እንደ ባሕር ዳር ፋኖስ ወደ እኛ ይጠቅሳል።

ጥቅሻው በዐይን ብቻ የሚታይ አይደለም። ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከተተከለው ሽቦ አልባ የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ አባቶቻችን በነፋስ የሚመጣ ድምፅ ብለው ሰየሙት። ያች ጭጋግም በንፋስ ስልክ ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ1949 አውስትራሊያ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሠውር የሚመጣው ብርቱ የሬዲዮ ድምፅ ምንጩ እርሷ መሆኗን ለዩ። በ1968 የእምብርቷ ምት ተሰማ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን አላስካ ውስጥ የሚሳይል መጠበቂያ ራዳር ላይ የተመደበ አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባ ምቱን ሰምቶ በማስታወሻው ከትቦት ነበር፤ ሥራው ምስጢር ስለሆነ ለዐርባ ዓመት ዝም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተናገረው። ያየ ሁሉ አይጽፍም፤ የጻፈም ሁሉ አያሳይም።

ርቀቷ ወደ 6,500 የብርሃን ዓመት ይገመታል፤ ልኬቱ በብዙ መቶ ዓመታት ወዲህም ወዲያም ሊል ይችላል። እንዲያ ከሆነ ኮከቡ በእውነት የፈነዳው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5,500 ዓመት አካባቢ ነው። ይህን ስነግራቸው መሪጌታ ሳቁ። በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው ዘመን 5,500 ነውና። «ዓለም ሲፈጠር ኮከብ ሲሞት!» አሉ። አጋጣሚ ነው፤ ከአጋጣሚነት አያልፍም፤ ሆኖም ሳቃቸውን ወድጄላቸዋለሁ።

ብርሃኑ ምድር የደረሰው እንግዲህ በ1046 ነው፤ በጁልያን አቆጣጠር ጁላይ 4 ቀን 1054። በቻይና የሶንግ ነገሥታት ዋና ከተማ በካይፈንግ የቤተ መንግሥቱ ኮከብ ቆጣሪዎች ንጋት ላይ በምሥራቅ በኩል ከዚህ በፊት ያልነበረ ኮከብ አይተው መዘገቡ። እንዲህ ያለውን «እንግዳ ኮከብ» ይሉታል። በቀን ብርሃን እንደ አጥቢያ ኮከብ ይታይ እንደነበር፣ በአራቱም ማዕዘን ጨረር እንደነበረው፣ መልኩ ቀላ ያለ ነጭ እንደሆነ፣ በቀን የታየውም ለ23 ቀን እንደሆነ ጽፈዋል። በሌሊት ደግሞ እስከ ኤፕሪል 1056፣ በእኛ እስከ ሚያዝያ 1048 ቆየ። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ከ21 ወር በላይ ሰነበተ።

ጃፓኖችም ጽፈውታል። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደስ የሚለው ጃፓናዊው ምስክር ባለቅኔ መሆኑ ነው። ፉጂዋራ ቴይካ እ.ኤ.አ. በ1230 ሌላ እንግዳ ኮከብ በሰማይ ሲያይ፣ ቀድሞ የታዩትን ከአዋቂዎች ጠይቆ በዕለት ማስታወሻው ውስጥ ዘረዘራቸው። የ1054ቱ ከዝርዝሩ አንዱ ነው። ከ170 ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በሽማግሌ ባለቅኔ ብዕር።

ሦስተኛው ምስክር ወደ እኛ ይቀርባል። ኢብን ቡጥላን የባግዳድ ተወላጅ፣ ሐኪምና ክርስቲያን ነበር። ካይሮ ቆይቶ ወደ ቊስጥንጥንያ የተሻገረው ኮከቡ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚያው ክረምት የሮምና የቊስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት ተወጋገዙ፤ ውግዘቱ በሐግያ ሶፍያ መንበር ላይ በተቀመጠበት በጁላይ 16 ቀን ኮከቡ ገና በቀን ይታይ ነበር። ኢብን ቡጥላንን ያስጨነቀው ግን ወረርሽኝ ነው። በሂጅራ 446 ዓመት በገውዝ ውስጥ ኮከብ እንደወጣ፣ በከተማዋ መቃብር ሞልቶ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ 14,000 ሰው እንደተቀበረ ይተርካል። ጽሑፉን በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አቢ ኡሰይቢዐ የሐኪሞችን ታሪክ ሲጽፍ አስገባው፤ የዘመናችን ተመራማሪዎች የኮከቡ ምስክር መሆኑን ያስተዋሉት ገና እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

«በገውዝ? ሠውር አላልኸኝም?» አሉ መሪጌታ። ጠያቂ አይደሉም ማለት አይቻልም። ኢብን ቡጥላን አልተሳሳተም። ሰማዩን በዐሥራ ሁለት እኩል ክፍል የሚከፍለው የኮከብ ቆጣሪዎች ሥርዓትና የኮከቦቹ ሥዕል በዘመናት ውስጥ ተንሸራተዋል፤ በእርሱ ጊዜ የሠውር ቀንዶች በገውዝ ድርሻ ውስጥ ገብተው ነበር። መሪጌታም ገውዝ ሲሉ የጠሩት ያንኑ የእርሱን ቃል ነው።

ኢብን ቡጥላን የጻፈው ሌላ ነገር አለ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነው። ኮከቡ በወጣ ጊዜ ዐባይ ጎደለ ይላል። በፉስጣጥ፣ በአሮጌዋ ካይሮ፣ ሕዝብ አለቀ።

የሂጅራ 446 ከኤፕሪል 1054 እስከ ኤፕሪል 1055 ይደርሳል። በዚህ ውስጥ ያለው የዐባይ ሙላት አንድ ብቻ ነው፤ በሐምሌ ወጥቶ በነሐሴና በመስከረም ግብፅ የሚደርሰው የ1046ቱ ሙላት። ካይሮ አጠገብ ባለችው በሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ «ሚቅያስ» የሚባል የውኃ መለኪያ አለ። በጉድጓድ ውስጥ የቆመ የእብነ በረድ ዓምድ ነው፤ በክንድ በክንድ ተቀርጿል። ውኃው 16 ክንድ ሲደርስ ሕዝቡ በዓል ያደርጋል፤ ግብር ይጣላል። ካልደረሰ የእህል ዋጋ በዚያው ቀን ይንራል። በዚያ ዘመን የነገሠው የፋጢማው ኸሊፋ አል-ሙስተንሲር ከቊስጥንጥንያው ንጉሥ ከቈስጠንጢኖስ 9ኛ ስንዴ ለመነ፤ ንጉሡ እሺ ብሎ በጃንዋሪ 1055 ሞተ፤ ተከታይዋ ቴዎዶራ በስንዴው ፈንታ የጦር ውል ስለጠየቀች ጉዳዩ ተበላሸ።

ዐባይ ለምን እንደሚጎድል አንባቢዬ ያውቃል። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ የሚወርደው ከእኛ ደጋ ነው፤ ከዐባይ፣ ከተከዜ፣ ከባሮ። ካይሮዎችም ይህን ያውቁ ነበር። አል-መኪን የተባለው የግብፅ ክርስቲያን ጸሐፊ በዚሁ በአል-ሙስተንሲር ዘመን ውኃ በጎደለ ጊዜ ፓትርያርኩ ሚካኤል እጅ መንሻ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ እንደተላከ፣ ንጉሡም የተገደበ አፈር አስቆርጦ ውኃውን እንደለቀቀለት ይተርካል። የተላከበት ዓመት ከኮከቡ በኋላ ነው፤ ታሪኩም ተረት ተረት ይሸታል። ያም ሆኖ የካይሮ ሰው በሚቅያሱ ላይ ሲያጎነብስ በውኃው ውስጥ የማን ሀገር ሰማይ እንደሚያይ ያውቅ እንደነበር ይነግረናል።

እንግዲህ ወደ ደጋው እንመለስ። የ1046 ሐምሌ። አክሱም ወድቃለች፤ የዛጉዌ ነገሥታት ታላላቅ ሥራዎች ገና አልተሠሩም፤ የላሊበላ ድንጋዮች ገና ዓለት ናቸው። ከዚህ ቀድሞ የአባ ገሪማን የመሰለ ወንጌል የጻፈ ሕዝብ ነው፤ በዚህ መቶ ዓመት ግን ከእጁ የተረፈልን ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዳውን ኮከብ አየን ከሚሉት የታወቁ ምስክሮች መካከል በግዕዝ የጻፈ የለም። ምክንያቱን ለብዙ ጊዜ በቀላሉ እመልሰው ነበር፤ ሐምሌ ነዋ! ሐምሌ 10 ወጥቶ እስከ ነሐሴ መግቢያ በቀን የሚታይ ኮከብ ከኢትዮጵያ ደጋ በላይ ምን ዕድል አለው? ክረምቱ ከድኖታል። ማንም ቀና ቢል የሚያየው ደመና ነው። ታሪካችን ለኮከቡ ዝም ያለው ዝናብ ስለሸፈነው ነው እያልሁ እጽናና ነበር።

የኢብን ቡጥላን አንድ ዐረፍተ ነገር ይህን ማጽናኛ ወሰደብኝ። ዐባይ ጎድሎ ከሆነ ክረምቱ አልገባም። ክረምቱ ካልገባ ሰማዩ ክፍት ነበር። ዝናብ ቀረ ማለት ደመና ፈጽሞ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንዱ አውራጃ ሲደርቅ ሌላው እንደሚዘንብለትም አውቃለሁ። ግን በዚያ ሐምሌ ንጋት ላይ ከጎጆው ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ያየ ገበሬ፣ ለሌሊት ጸሎት የተነሣ መነኵሴ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ፣ ያን የሚንበለበል እንግዳ ሊያየው የሚችለው በትክክል ዝናቡ ስለቀረበት ነው። በመስከረም ቢሆን ሰማዩ እንደ ወትሮው መጥራቱ ስለማይቀር ኮከቡን ሌሊት ሌሊት ሳያዩት አልቀሩም፤ የወጣበትን የሐምሌ ንጋት ለማየት ግን መራብ ነበረባቸው።

ይህን ሁሉ ስናገር መሪጌታ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ሄኖክ ላይ አለ» አሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። በውስጡ ስለ ብርሃናት የሚናገር ክፍል አለ፤ ፀሐይ በስድስት በሮች ወጥታ በስድስት በሮች ትገባለች፤ ከዋክብት ሁሉ አለቃ አላቸው፤ ከታዘዙበት አይወጡም። በኃጥአን ዘመን ግን ዝናብ እንደሚከለከልና ከዋክብት ከሥርዓታቸው እንደሚወጡ ባንድ ምዕራፍ ውስጥ ተከታትሎ ተጽፏል። በ1046 ሄኖክን በቃሉ የሚያውቅ አንድ መነኵሴ ኮከቡን አይቶ ከሆነ ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም። ለእርሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የተጻፈው ሲፈጸም ያየ ነው የሚመስለው። የተጻፈን ነገር ደግሞ ማን መልሶ ይጽፋል?

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ኮከብ ጥቂት ልበል፤ ሐምሌን ስለማይመለከት አላስረዝመውም። በጥቅምት 2 ቀን 1597፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 9 ቀን 1604፣ ዛሬ በኬፕለር ስም የሚጠራው ኮከብ ፈነዳ። ክረምት ወጥቶ፣ ሰማይ ታጥቦ፣ ምሽት ላይ በምዕራብ በኩል ከጁፒተር በልጦ ይታይ ነበር። በዚያው ጥቅምት ዐፄ ዘድንግል ባርቻ ላይ ወደቁ። ወደ ፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት በማዘንበላቸው አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ከመሐላው ፈትተውት፣ ራስ ዘሥላሴ ሸፍቶባቸው ነበር። ከውጊያው በፊት በነበሩት ምሽቶች ከሁለቱም ሰፈር ወደ ምዕራብ ያየ ወታደር ሁሉ ኮከቡ ከፊቱ ነበር። በእኔ ግምት ሁለቱም ወገን ለእኔ ነው የወጣው ሳይል አልቀረም።

ወደ ሰገነቱ ልመለስ። ብርዱ ጠንክሯል። መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው ግንቡ ላይ ተቀመጡና ከዚህ ቀደም ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ።

በ1976 ዓ.ም. ላስታ ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዕድሜያቸው ዐሥራ አምስት ቢሆን ነው። «ሐምሌ ገባ» አሉ፤ «ሥላሴ አለፈ። ሌሊት ለማኅሌት ስንነሣ ኮከብ ይታያል። መጀመሪያ ቀን ተማሪው ደስ አለው፤ ጭቃ የለም፣ ደበሎ አይርስም። የኔታ ግን ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ቀና አሉና ተመልሰው ገቡ። ምንም አላሉንም። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንት ሙሉ ሰማዩ እንደ ጥር ጠራ። ኮከቡ ሁሉ ይቆጠራል፤ ዛሬ አንተ እንደምታየው። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ቆሎ ልንለምን ከደጇ ብንቆም ‹ልጆቼ፣ በሐምሌ ኮከብ አየን እኮ!› ብላ አለቀሰች። መርዶ እንደ ሰማ ሰው ነው ያለቀሰችው። እኛ አልገባንም። በጥቅምት ገባን።»

የ1977 ጥቅምት ምን እንደነበር አንባቢዬ ከእኔ መስማት አይፈልግም። ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው ፊልም ዓለምን ያስለቀሰው በዚያ ወር ነው። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የምድሩን ሥዕል ነው፤ አቧራውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሕፃናቱን። ሰማዩ ከዚያ በፊት በሐምሌ ምን ይመስል እንደነበር የነገረኝ ሰው መሪጌታ የመጀመሪያው ናቸው።

«ከዋክብቱን ጻፋችኋቸው?» አልኋቸው፤ ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ አፈርሁ።

«ማን ይጽፋል ልጄ? ብራናውን የሚጽፈው ሰው እህል ፍለጋ ወርዷል። የኔታም ወረዱ። ቤተ ክርስቲያኑን ቆልፈን ነው የሄድን።»

ስለ ካይሮው መለኪያ መልሼ አሰብሁ። በ1046 ከላስታ፣ ከጎጃም፣ ከቤጌምድር ስንት ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ቆልፎ እንደወረደ የሚነግረን መዝገብ በሮዳ ደሴት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ዓምድ ብቻ ነው። የፉስጣጥ ሙታን ጸሐፊ አላቸው፤ ሐኪም ነው፤ ዓመቱንም ኮከቡንም አስቀምጦላቸዋል። ውኃው ከተነሣበት ደጋ የሞቱት ግን በውኃው ጉድለት ብቻ ይታወቃሉ። የዚያን ሐምሌ ሰማያችንን ካይሮ ላይ በክንድ ለክተው ጽፈውልናል፤ ለእኛ ብለው ባይሆንም።

እንጦጦ ላይ ዛሬ የአንድ አንድ ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመርቀዋል። በሚቀጥለው ጊዜ በኮከብ ከተማችን፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ፣ እንግዳ ቢመጣ በሐምሌም ቢሆን አንድ ወጣት ከደመናው በላይ ያለ መሣሪያ የላከለትን መረጃ ከኮምፒዩተሩ ላይ አንብቦ በስሙ ይጽፋል። ከኬፕለር ወዲህ በዐይን የታየ የፍኖተ ሐሊብ ሱፐርኖቫ የለም፤ ከ400 ዓመት በላይ ሆነው። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያማ ደርሷል በለኛ» አሉ።

ከዚያ መብራት መጣ። ልጆቹ እንደገና ጮኹ፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ከተወበት ቀጠለ፤ ሠውር ቀንዶቹን ወደ ጭጋጉ መለሰ። መነጽሬን አጣጥፌ ልወርድ ስል መሪጌታ «ቤት ግባ፣ ሻይ ጠጥተህ ትሄዳለህ» አሉኝ።

ቤታቸው አንድ አሮጌ የብራና ዳዊት አለ። በድሮ ብራናዎች መጨረሻ ላይ የሚተዉት ባዶ ቅጠሎች የሀገራችን ማኅደር እንደሆኑ ታሪክ ያጠና ያውቃል፤ የርስት ውል፣ የንዋየ ቅድሳት ቁጥር፣ የሞተ ዘመድ ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። መሪጌታም አባታቸው የሞቱበትን ቀን፣ ልጆቻቸው ክርስትና የተነሡበትን ቀን በዚያ ጽፈዋል። ሻዩ እስኪፈላ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ብዕር አነሡ።

«ሐምሌ ዐሥር ነው ያልኸኝ?»

«ዐሥር ነው።»

«በዐሥራ አራት መቶ…?»

«አይ፤ በ1046።»

በቀስታ፣ በግዕዝ ቁጥር ጻፉት። ከሥሩ «በሠውር ቀንድ እንግዳ ኮከብ ታየ» ብለው አከሉ። ከዚያ ብዕሩን አንሥተው በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ዝናቡንስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጥቂት አሰብሁና መስመር ዘልለው ቦታ እንዲተዉለት ለመንኋቸው።